ግምጃ ቤት ስለማይገባ ዕቃ

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣችኝ አንዲት ትንሽ ወረቀት ናት። ወረቀቲቱም ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ፥ ሃያ አምስት ፊደልና ቁጥር የተጻፈባት፥ በካርቶን ውስጥ ታሽጋ ከአዲስ አበባ የመጣች ነበረች።

እኔ በዚያን ጊዜ በፍኖተ ሰላም ከተማ ባንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሹም ነበርሁ። መሥሪያ ቤቱ ከገበሬ እህል የሚገዛና ማዳበሪያ የሚያከፋፍል ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። የኔ ሥራ ወደ ግምጃ ቤት የሚገባውን ሁሉ በሞዴል 19 መቀበል፥ የሚጠየቀውን በሞዴል 20 ማስጠየቅ፥ የሚወጣውንም በሞዴል 22 ማስፈረም ነበረ። ጆንያ ቢሆን፥ ሚዛን ቢሆን፥ ወንበር ቢሆን፥ ቁጥር ሳይጻፍበት ካንድ ክፍል ወደ ሌላው አይሻገርም። በዚህም ነገር ጥቂት እመካ ነበር። ያችን ወረቀት በተቀበልሁ ጊዜ ግን በምን መዝገብ እንደምጽፋት ቸገረኝ። ክብደት የላትም፤ አታረጅም፤ አትሰበርም። ዋጋዋ ግን በደረሰኙ ላይ እንደ ተጻፈው ከአምስቱ ሚዛኖቻችን ዋጋ ይበልጥ ነበረ። አለቃዬን ብጠይቃቸው «ወረቀት አይደለችም ወይ? ከደብዳቤው ጋር እሰራት» አሉኝ። እኔም ከደብዳቤው ጋር አሰርኋት። የጥፋቱ መጀመሪያ ይህ ነው።

ነገሩ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ልግለጠው። የኮምፒውተር ፕሮግራም፥ ዛሬ ሁሉ ሶፍትዌር የሚለው፥ እንደ እህል አይሸጥም። እህል ነጋዴ ጤፉን ሰፍሮ ከሰጠህ በኋላ ብትበላው፥ ብትዘራው፥ ለጎረቤትህ ብታበድረው አያገባውም። ፕሮግራም ሻጭ ግን ዕቃውን ለራሱ አስቀርቶ የሚሸጥልህ ፈቃዱን ብቻ ነው። ፈቃዱም ልክ አለው። አንዳንዱ ለታወቀ ኮምፒውተር የተሰጠ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። አንዳንዱ በስሙ ለታወቀ ሰው የተሰጠ ነው፤ ያ ሰው ክህነቱን ለወንድሙ ሊያውሰው እንደማይችል ሁሉ ይህንም ሊያውሰው አይችልም። ሌላው ደግሞ ባንድ ጊዜ ስንት ሰው ሊሠራበት እንደሚችል የሚቈጥር ነው፤ በቅኔ ቤት አንዱን መጽሐፍ ለብዙ ተማሪዎች ተራ በተራ እንደሚያዩት፥ አንዱ ሲለቀው ሌላው ይይዘዋል። በየዓመቱ ካልተከፈለበት የሚያልቅም አለ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ለይቶ የማያውቅ መሥሪያ ቤት ወይ ይሰርቃል፥ ወይ ያባክናል። የኛው መሥሪያ ቤት ሁለቱንም ያደርግ እንደ ነበረ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ወረቀቲቱ ለአምስት ኮምፒውተር የተሰጠች የሒሳብ ፕሮግራም ፈቃድ ነበረች። የሒሳብ ክፍሉ እየሰፋ ሄደና የኮምፒውተሮቹ ቁጥር አሥራ ሰባት ደረሰ። ያ ሃያ አምስት ፊደል ለአምስቱ ከሠራ በኋላ ለስድስተኛው እንቢ አለ። አንድ ብልህ ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረንና «ጋሼ፥ አይጨነቁ፤ ቁልፉን የሚሰብር ነገር ከባሕር ዳር ይዤ እመጣለሁ። ብቻ ሲጫን የቫይረስ መከላከያው መዘጋት አለበት ይላል» አለኝ። ይዞም መጣ። ያመጣባትን ፍላሽ፥ አካል ያላት ዕቃ ናትና፥ በሞዴል 19 ተቀበልኋት። በውስጧ ያለውን ግን አልጠየቅሁም።

ሁለት ዓመት ያህል ምንም አልሆነም። እንዲያውም ለመሥሪያ ቤቱ ብዙ ገንዘብ አተረፍሁ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። በየካቲት 2010 ዓ.ም፥ ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፥ ሰኞ ጧት የሒሳብ ሹሟ እየሮጠች መጣች። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር አለ፤ መዝገባችሁ ሁሉ ተቈልፏል፥ መክፈቻውን ለማግኘት ገንዘብ ክፈሉ ይላል። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት፥ በግንቦት 2009፥ ዋናክራይ የተባለው እንዲህ ያለው ተባይ በብዙ አገር ተሰራጭቶ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሥራ ማስፈታቱን በራዲዮ ሰምተን «ለሩቅ ሰው ነው» ብለን አልፈን ነበር። የኛው በዚያች ቁልፍ ሰባሪ ውስጥ ተሸሽጎ የገባ መሆኑን ከባሕር ዳር የመጣው ባለሙያ ነገረን። የመጠባበቂያ ቅጅ ያስቀመጥንባትም ፍላሽ ከኮምፒውተሩ ላይ ተሰክታ ስለ ተገኘች እርሷም አብራ ተቈለፈች።

በዚያ መዝገብ ውስጥ የነበረው የገበሬው የበቈሎ ሒሳብ ነው። ከጃቢ ጠህናንና ከቡሬ ገጠር፥ ከማንኩሳም ወዲያና ወዲህ፥ በቈሎውን አስረክቦ ገንዘቡን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነበረ። ከካርኒው ላይ እያነበብን እንደ ገና ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ካርኒው በእጁ ያለ ገበሬ ዘገየበት እንጂ አልቀረበትም። ካርኒው የጠፋበት ግን መከራ አየ። አንድ ሽማግሌ ካርኒአቸውን አይጥ በልቶባቸው፥ እኛ ዘንድ የቀረው የካርቦን ቅጅም ደብዝዞ አሥራ አንዱ ኩንታል ይሁን አንድ ሳይለይ ቀረ። ሦስት ቀን ከደጃችን ላይ አደሩ። ኰሚቴ ተቀምጦ፥ ምስክር ተሰምቶ፥ ገንዘባቸው በስድስተኛው ሳምንት ተከፈለ፤ ነገር ግን ዕዳ ነበረባቸውና በመካከሉ አንዱን የእርሻ በሬያቸውን ጂጋ ገበያ አውጥተው ሸጠዋል። ገንዘቡን ቈጥሬ ስሰጣቸው ጣታቸውን በቀለም ነክረው ከፈረሙ በኋላ «አንድ በሬ አያርስም፥ ልጄ» ብለውኝ ወጡ። አልተቈጡም። ቢቈጡ ይሻለኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩን ማጥናት የጀመርሁ። ይልቁንም ያስደነቀኝ የገዛ ኅሊናዬ ነው። ካንድ ሰው ኪስ አሥር ብር ወስጄ አላውቅም፤ ከግምጃ ቤቱ አንድ ምስማር ጎድሎብኝ አያውቅም፤ ይህን ፕሮግራም በአሥራ ሁለት ኮምፒውተር ላይ ያለ ፈቃድ ሳስጭን ግን አንድ ቀን እንኳ ልቤ አልመታም። ለምን? ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ቡሬ ሄድሁ፤ በልጅነቴ ቅኔ የቈጠርሁባቸው መሪጌታ በዚያ አሉና።

እርሳቸውም ከሰሙኝ በኋላ ጥቂት ዝም አሉና «ልብህ ያልመታበትን ምክንያት እኔ እነግርሃለሁ። ባገራችን መጽሐፍ መገልበጥ ጽድቅ ነው። በብራናው መጨረሻ የሰረቀውና የፋቀው ውጉዝ ይሁን ይላል እንጂ የገለበጠው ውጉዝ ይሁን የሚል አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም፥ የኔታ።»

«እንግዲያው ያደግኸው በዚህ ነው። ነገር ግን አባቶች ሲገለብጡ ብራናው የራሳቸው፥ ቀለሙ የራሳቸው፥ የጎበጠውም ወገብ የራሳቸው ነው። የሚገለበጠውንም መጽሐፍ የደረሰው ሰው ለነፍሱ ነው የደረሰው፤ እንጀራዬ ነው ብሎ አልሸጠውም። ይህ ያንተ ሰውዬ ግን በሽያጩ የሚያድር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ከጓደኛው ቅኔ ወስዶ የኔ ነው ብሎ የነገረ ተማሪ ምን እንደሚባል ረሳኸውን?»

አልረሳሁትም። በኛ ጊዜ አንዱ እንዲህ አድርጎ ተገኝቶ ከማፈሩ የተነሣ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ሌላ ደብር ሄዷል።

እኔ ግን ለየኔታ ፈጽሜ አልተረታሁም ነበርና የልቤን ነገርኋቸው። ሠሪዎቹም ቢሆኑ ጻድቃን አይደሉም። ለኒውዮርክ ነጋዴና ለፍኖተ ሰላም መሥሪያ ቤት ባንድ ዶላር ይሸጣሉ። ብሩ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ነገር እጅግ ከፍቷል፤ አንድ ዶላር ሃምሳ ሰባት ብር ገደማ የነበረው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመቶ በላይ ሆነና የፈቃድ ዋጋችን ሳይጨምር ጨመረ። ይህንንም ስል በዚያው ቀን አንድ ሌላ ነገር ትዝ ብሎኝ አፌ ተያዘ። የግዕዝን ፊደል በኮምፒውተር ለመጻፍ የቻልነው ያገራችን ልጆች ደክመው በሠሩት ፕሮግራም ነው። የእነርሱንስ መቼ ከፍለንበት እናውቃለን? እርሱንም በዚያችው ፍላሽ ነበር የምናዞረው። ስለዚህ የዶላር ነገር እውነት ቢሆንም ለኔ ማመካኛ እንጂ ምክንያት አልነበረም።

ሕጉንም ፈልጌ አነበብሁ። እኔ ይህ ነገር ትናንት ከውጭ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ከቁጥር 1647 ጀምሮ ደንግጎ ይገኛል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ፍቅር እስከ መቃብርን ሲያሳትሙ የመጽሐፉ ባለቤትነት በሕግ የታወቀ ነበረ ማለት ነው፤ ማንኩሳን ለኢትዮጵያ ሁሉ ያሳወቀ መጽሐፍ ነውና ለኛ አገር ሰው ይህን ማስታወስ ደስ ያሰኛል። የኮምፒውተር ፕሮግራምን በስሙ ጠርቶ ከሥነ ጽሑፍ ሥራ ጋር የቈጠረው ደግሞ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ2007 ዓ.ምም በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ይህ አዋጅ በሚገባ የገዛ ሰው ምናልባት ቢጠፋበት ብሎ አንድ መጠባበቂያ ቅጅ እንዲያስቀር ይፈቅድለታል። አንድ ቅጅ እንጂ አሥራ ሁለት አይልም።

ከዚያ በኋላ ቈጠራ ጀመርሁ። ዋናው የምነግራችሁም ነገር ይህ ነው።

ያን ወጣት ባለሙያ ይዤ ከዋናው መሥሪያ ቤትና ከቡሬው ቅርንጫፍ አርባ ኮምፒውተሮችን አንድ በአንድ ዞርን። እርሱ እየከፈተ ያነባል፥ እኔ እጽፋለሁ። የፕሮግራሙን ስም፥ የፈቃዱን ዓይነት፥ ለስንት እንደ ተገዛ፥ በየትኛው ኮምፒውተር ላይ እንዳለ፥ ማን እንደሚሠራበት፥ መቼ እንደሚያልቅ፥ የተከፈለበትን ደረሰኝ ቁጥር፥ በየዓምዱ አሰፈርሁት። በአንዳንዱ ኮምፒውተር ጀርባ ላይ የዊንዶውስ ፈቃድ ተለጥፎ አገኘን፤ ይህ ከዕቃው ጋር የመጣ ስለ ሆነ ወደ ሌላ አይዛወርም፤ እኛ ግን ይህን ሳናውቅ ላንዳንዶቹ ሁለተኛ ገዝተንላቸዋል።

የሚያስቀውና የሚያሳዝነው ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ለንብረት መቈጣጠሪያ ብለን የገዛነው ሌላ ፕሮግራም በሠላሳ ሰዎች ስም በየዓመቱ ይከፈልበት ነበረ። ከሠላሳው ከፍተው የሚሠሩበት አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። አሥራ አንዱ አንድ ቀንም ገብተውበት አያውቁም። ስድስቱ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውረዋል። አንዱም ካረፈ ሁለት ዓመት የሆነው ወንድማችን ነበረ፤ ተዝካሩን የበላን ሰዎች በስሙ ፈቃድ እንከፍል ነበር። ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ሳነበው ባለሙያው ቈቡን አወለቀ። የቫይረስ መከላከያውንም ሃምሳ ገዝተን በአሥራ ዘጠኝ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አገኘነው፤ ሠላሳ አንዱ በመሳቢያ ውስጥ ዓመቱን ይፈጃል።

ከዚያ ወደ ሒሳብ ፕሮግራሙ ተመለስን። አሥራ ሰባቱ ሰዎች ምን እንደሚሠሩበት አንድ በአንድ ጠየቅሁ። መዝገብ ላይ የሚጽፉት ስምንት ናቸው። ዘጠኙ የወሩን ማጠቃለያ ለማየት ብቻ ነው የሚከፍቱት፤ ያንንም ታትሞ ቢሰጣቸው ይበቃቸው ነበር። አምስት ፈቃድ አለን፤ የሚያስፈልገን ስምንት ነው፤ የጎደለን ሦስት ብቻ። ከዚያ ከማይሠሩበት አሥራ ስምንት ስሞች የሚተርፈው ገንዘብ ሦስቱን ገዝቶ ይተርፋል። ይህን ሒሳብ ስጨርስ ከመሸ በኋላ ነበረ። ያን ሁሉ የሰረቅነው ለመግዛት አቅም ያለንን ነገር መሆኑን በዚያች ሌሊት ዐወቅሁት። የሽማግሌው በሬ የተሸጠው ባለመቈጠሩ ነው።

አለቃዬም፥ እውነቱን ለመናገር፥ መዝገቡን ባየ ጊዜ ከስርቆቱ ይልቅ ብክነቱ አስደነገጣቸው። ስርቆቱን ማንም አላየውም፤ ብክነቱ ግን በኦዲተር ይታያልና። ያም ሆነ ይህ ፈረሙልኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ፕሮግራም ያለ ንብረት ክፍል ፊርማ እንዳይጫን ሆነ፤ ሠራተኛ ሲለቅም በክሊራንሱ ወረቀት ላይ ከወንበሩና ከጠረጴዛው በታች «የፕሮግራም ፈቃድ መለሰ» የሚል መስመር ተጨመረ። ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ ደንብ እንደ ወጣለት፥ አይሶ 19770 ተብሎም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም መጀመሪያ እንደ ታተመ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ደንቡ ብዙ ገጽ አለው አሉ። እኔ በሞዴል 19 ጀርባ ላይ ጀምሬዋለሁ።

ደብዳቤ ብቻ ለሚጽፉት ጸሓፊዎች ሊብረኦፊስ የተባለውንና ሠሪዎቹ ለሁሉ በነፃ የፈቀዱትን ፕሮግራም አስገባን። እንዲህ ያለው ሥራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1983 ጀምሮ ሪቻርድ ስታልማን የተባለ አሜሪካዊ ባነሣው አሳብ የበዛ ነው፤ መገልበጡን አይከለክልም፥ እንዲያውም ይፈቅዳል። የኔታ ይህን በሰሙ ጊዜ «እርሱ የብራናውን ሥርዓት ያውቃል» ብለው ሣቁ። ለጸሓፊዎቹ ግን ቀላል አልነበረም። ቀድሞ በድሮ የግዕዝ ፕሮግራም የጻፍናቸው ደብዳቤዎች የግዕዙ ፊደል በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ተሰፍሮ የተሠራ ስለ ነበረ ሲከፈቱ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ሆኑ። ፊደላችን በዓለም የፊደላት ሠንጠረዥ በዩኒኮድ የገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ነው፤ እኛ ግን ከዚያ በኋላ እንኳ ለብዙ ዓመት በአሮጌው ስንጽፍ ኖረናል። አንዲት ጸሓፊ የሦስት ዓመት ደብዳቤዋን እንደ ገና ስትጽፍ እኔን ስትረግመኝ ከረመች፤ መብቷ ነው።

ያላሰብነውም ነገር መጣ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፥ ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋረጠብን። የንብረቱ ፕሮግራም ፈቃዱ መኖሩን በየጊዜው ወደ ውጭ አገር ደውሎ የሚጠይቅ ዓይነት ነውና፥ የሚመልስለት ሲያጣ፥ የከፈልንበት ሆነን ሳለን እንደ ሌባ ቈጥሮ ዘጋብን። በዚያን ጊዜ የሠራነው በወረቀት ነው። እንግዲህ ፈቃድ ስትገዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን በመንገድ መዘጋት ጊዜ ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እኛ አልጠየቅንም ነበር። ፍኖተ ሰላም የሰላም መንገድ ማለት እንደ ሆነ ለናንተ ለመምህራኑ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ በዚያ ዓመት ግን የከተማችን ስም በጸሎት እንጂ በዓይን አልታየም።

በቡሬ የዘይት ፋብሪካውና የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2013 ዓ.ም ከተመረቁ ወዲህ ባካባቢያችን ኮምፒውተር የሚይዝ ወጣት በርክቷል። የዊንዶውስ 10 ጥገናም ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ በሠሪዎቹ ዘንድ ስለ ቆመ፥ ኮምፒውተሩን መለወጥ ወይም አዲስ ፈቃድ መግዛት ለብዙ ክፍል ጥያቄ ሆኗል። በቈጠራ የሚጀምር ይቀለዋል ብዬ አምናለሁ።

እኔ ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። መዝገቡን የተረከበችኝ ወይዘሪት ከማንኩሳ የመጣች፥ ንግግሯ ዝግ ያለ፥ ዓይኗ ግን የማይስት ልጅ ናት። ሁለት ቀን ሙሉ መስመር በመስመር አነበበችው። በሁለተኛው ቀን ማታ ጣቷን ካንድ ዓምድ ላይ አድርጋ «ጋሼ፥ የሒሳቡ ፕሮግራም ስምንት ፈቃድ አለው ብለዋል፤ ሰባቱን አገኘሁ፤ ስምንተኛው የት ነው?» አለችኝ።

ስምንተኛው ከቤቴ ነበረ። በዚያ በመዘጋቱ ዓመት ማታ ማታ ሒሳብ እንዲያግዘኝ ብዬ በልጄ ላፕቶፕ ላይ አስጭኜው፥ ሥራው ካለቀም በኋላ ሳላስነሣው ቀርቷል፤ ልጄ የጎረቤት ነጋዴን ሒሳብ ይሠራበታል። በመዝገቡ ውስጥ ያ ላፕቶፕ አልተጻፈም። አርባ ኮምፒውተር ቈጥሬ የራሴን ቤት አልቈጠርሁም።

ነገርኋት። አልሣቀችም፥ አልተቈጣችምም። ከአርባኛው መስመር በታች አርባ አንድ ብላ ጻፈችና ብዕሩን ወደኔ አዞረችልኝ። ፈረምሁ። ላፕቶፑንም በማግሥቱ ጧት በጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድሁላት፤ እርሷም ፕሮግራሙን አስነሥታ ፈቃዱ መመለሱን በሞዴል 19 ተቀበለችኝ።